ሦስተኛው ከረጢት በረዶ

«ሦስተኛው ነው» አለ ፌሊቶ በስልክ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ። «ሐሙስ አንድ ከረጢት፣ ዓርብ አንድ ከረጢት፣ ዛሬ ደግሞ በእሑድ ጠዋት እህቱ ሦስተኛውን ይዛ እየወጣች ነው። ክርኑ አልዳነም እያልኩህ ነው። የውርርዱን ቁጥር አሁኑኑ ቀይረው።»

ኔሬይዳ በረዶውን በግራ እጇ አንጠልጥላ የሱቁ ደፍ ላይ ቆመች። ስድሳ ፔሶዋን ከፍላ ገና ፊቷን ማዞሯ ነበር። ሱቁና የውርርድ ቤቱ የአንድ ባለቤት ስለሆኑ የሚለያቸው የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ፌሊቶ በዚህ በኩል ሩዝና ሳሙና ይሸጣል፣ በዚያ በኩል ባለችው መስኮት ቲኬት ይቆርጣል። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ ወንበር ላይ ወጣና ትናንት ሰሌዳው ላይ የጻፈውን በመዳፉ አብሶ በጠመኔ አዲስ ቁጥር ጻፈ። እስከ ትናንት ድረስ በከተማው የቤዝቦል ቡድን ላይ መቶ ፔሶ የመደበ ሰው ቢቀናው የሚያተርፈው ስልሳ ነበር፤ ዛሬ የሚወረውረው ዊልኪን ስለሆነ ቡድኑ እንደሚያሸንፍ ማንም አልተጠራጠረምና። አሁን መቶ አርባ ሆነ። ቡድኑ አንድም ኳስ ሳይወረወር፣ በአንድ ከረጢት በረዶ ብቻ፣ ከአሸናፊነት ወደ ተሸናፊነት ወረደ።

ዊልኪን ታናሽ ወንድሟ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የቀኝ ክርኑ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ብዙ ሰው አበቃለት ካለ በኋላ፣ ዘንድሮ እንደገና መወርወር ጀምሯል። በእነሱ ከተማ፣ በሳን ፔድሮ፣ የወርዋሪን ክንድ የሚጠብቀው ሐኪሙ ብቻ አይደለም። ጋዜጣና ሬዲዮ አሰላለፍ የሚያወጡት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሰፈሩ ግን ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን ወገቡን እንደሚያመው፣ የትኛው መቺ ሚስቱ ወልዳለት ሌሊቱን ሳይተኛ እንዳደረ ከጠዋቱ ያውቃል። ቱቶ የሚባለው የሞተር ታክሲ ነጂ አንድ ተጫዋች ወደ ወጌሻ ቤት ካደረሰ ገና ከሞተሩ ሳይወርድ ለፌሊቶ ይነግራል። ፌሊቶ ለውርርዱ ማዕከል ይደውላል። ማዕከሉ ቁጥሩን ይቀይርና ቁጥሩ በደቂቃ ውስጥ በከተማው ያሉትን ሠላሳ መስኮቶች ያዳርሳል። እንግዲህ ወርዋሪ ያለበት ቤት በረዶ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ወርዋሪ ክርኑ ሲያብጥ በረዶ ያስርበታል። ይኸው ነው።

በረዶው ግን የዊልኪን አልነበረም። የኔሬይዳ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የነርስ ሱሪ ኪስ ስትሰፋ ኖራለች፤ በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪስ፣ አንዱን ኪስ ለማዞር አንዴ ክርን ማጠፍ። ከጥቅምት ጀምሮ የቀኝ ክርኗ እንደ ብርቱካን ያብጣል፤ ሲብስባት ማበጠሪያ ማንሣት ያቅታታል። በፋብሪካ ሰዓት ቻል አድርጋ ትሰፋለች፤ ወደ ቤት ስትመለስ የጓሮው በር ላይ ተቀምጣ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ታስርበታለች። ለማንም አልተናገረችም። አሥራ ሦስተኛው ደሞዝ፣ የገናው፣ ሊከፈል ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ፋብሪካው ያንን ላለመክፈል የሚያሰናብተው የታመመ ሰው ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረባዋ ዮካስታ የእጅ አንጓዋን አሞኛል ባለች በማግስቱ ወረቀት ተጻፈ፤ «ቤቷ ውስጥ ወድቃ የደረሰባት ጉዳት ስለሆነ ፋብሪካውን አይመለከትም» ይላል። ገናን ያለ ደሞዝና ያለ ሥራ ዋለች። ወረቀቱን የጻፈችው የስፌት መስመራቸው ተቆጣጣሪ ዶኛ ኢቬሊሴ ናት።

ዶኛ ኢቬሊሴ ደግሞ ይኸውና በውርርድ መስኮቱ ሥር በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሳ እዚያ መቀመጥ ልማዷ ነው፤ ጉልበቷ ላይ ወረቀት፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ። ጎበዝ ተወራራጅ ናት፤ በስሜት አትመድብም፤ የእያንዳንዱን መቺና ወርዋሪ ሁኔታ በፋብሪካ እንደምትጽፈው በጥሩ እጅ ጽሑፍ ትመዘግባለች።

ኔሬይዳ «የኔ ነው፣ በረዶው የኔ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ዓይኗ ዶኛ ኢቬሊሴ ላይ አረፈ። ዘጋችው።

በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ሆነ፤ ለጊዜው ልብ አላለችውም። ሰው ሁሉ አዲሱን ቁጥር አይቶ በተቃራኒው ቡድን ላይ ለመመደብ ሲጋፋ፣ ዶኛ ኢቬሊሴ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ቀሚሷን አስተካክላ ሁለት ሺህ ፔሶ በመስኮቱ አስገባችና በከተማው ቡድን ላይ ቲኬት አስቆረጠች።

«ዶኛ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?» አለ ቱቶ። «ሰው ሁሉ ከሚሰምጥ ጀልባ ሲዘል እርስዎ ሊሳፈሩ ነው?»

«አንተ ሞተርህን ንዳ» አለችው። ቲኬቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ኔሬይዳን ቀና ብላ አይታ በእግዜር ሰላምታ ራሷን ነቀነቀች።

ኔሬይዳ ወደ ቤት ስትሄድ ከረጢቱ እግሯ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ቤታቸው ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሳሎን፣ ማድ ቤትና ጓሮ ነው። የጎዳናው ጩኸት የማይደርስበት ክፍል የዊልኪን ነው፤ ጥሩው ፍራሽ፣ ማራገቢያውና በመጋረጃ የተሸፈነው መስኮት ያሉት እዚያ ነው። አባታቸው ዶን ሰርቫንዶ በሌላው ክፍል ይተኛሉ። እሷ ሳሎን ባለው ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ሶፋው አጭር ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ በቀኝ ጎኗ ተጠቅልላ ነው የምታድረው። ዊልኪን ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ የዚያ ቤት ሕግ ሁሉ ለአንድ ክንድ የወጣ ሆኗል። እሱ ባልዲ አያነሣም፤ የጋዝ ሲሊንደር አይነካም፤ የጠርሙስ ክዳን እንኳ ሌላ ሰው ይከፍትለታል። ውሃው የሚመጣው ከጎረቤት ቧንቧ ነው፤ በቀን ስምንት ባልዲ። ስምንቱን ባልዲ ማን እንደሚያመጣ ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ ውሃው ሁልጊዜ አለ፤ ስለዚህ ጥያቄ የለም።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር በረዶውን ባልዲ ውስጥ አድርጋ ጓሮ በጥላው ሥር አስቀመጠችው፤ አረንጓዴ ሙዝ ቀቅላ ፈጨች፤ በግራ እጇ ነው የፈጨችው። ዊልኪን ተነሥቶ አባቱን «ይባርኩኝ» አለ፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉት። በልቶ አፉን ጠርጎ ሄደና በሩ ላይ ተቀመጠ። ጨዋታ ያለበት ቀን ብዙ አያወራም። በተለይ ዛሬ። ከሜክሲኮ የመጣ ተጫዋች መልማይ ከተማ ገብቷል፤ ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ወርዋሪ ይዞ ይሄዳል። ሊያይ የሚችለው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ወይ እዚህ ዊልኪንን፣ ወይ ላ ሮማና ከተማ ሄዶ አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ወርዋሪ። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ደግሞ ሌላ መልማይ አይመጣም።

ስድስት ሰዓት ላይ የዊልኪን ስልክ ጮኸ። የደወለው መልማዩን በመኪና የሚያዞረው ሰው ነው። ዊልኪን ብዙ አልተናገረም፤ «ማን አለ?» አለ፣ «እኔ ደኅና ነኝ» አለ፣ ደግሞ «እኔ ደኅና ነኝ» አለና ስልኩን አወረደው። መልማዩ የሐኪም ወረቀት ማንም ሊያስጽፍ ይችላል ብሎ ያምናል፤ የሚያየው የውርርድ ቤቱን ቁጥር ነው፤ ሰው ገንዘቡን ሲያስይዝ አይዋሽም ባይ ነው። ቁጥሩን አየ፤ ቁጥሩ ዊልኪን ታሟል አለው። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ላ ሮማና ሊነዱ ነው።

ዶን ሰርቫንዶ ሬዲዮናቸውን ዘግተው ልጃቸውን ወደ ጓሮ ወሰዱት። ከቆርቆሮው አጥር ጋር ተደግፎ በቆመው አሮጌ ፍራሽ ላይ አሥር ኳስ አስወረወሩት። ኔሬይዳ በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ታያለች። ኳሱ ፍራሹን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ትክክለኛ ነበር፤ ይህን ድምፅ ሃያ ዓመት ሰምታዋለች፤ ዊልኪን ምንም አላመመውም። ሽማግሌው በእፎይታ ላባቸውን ጠረጉ። ወዲያው ግን ተቆጡ። ይህን ወሬ ማን አወጣ እያሉ ሲንጎራደዱ እግራቸው ከባልዲው ጋር ተጋጨ።

«ይህ በረዶ የማን ነው?»

«የኔ ነው ፓፓ።»

«ለምንሽ?»

«ለክንዴ።»

ዶን ሰርቫንዶ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺ ደግሞ ምን ክንድ አለሽ?» አሉ።

ሊያስከፏት ብለው የተናገሩት አልነበረም። ከልባቸው ገርሟቸው ነው የጠየቁት። የባሰው እሱ ነው። የሚቀመጡበት ወንበር፣ ሬዲዮው፣ ያ ዊልኪን የሚተኛበት ጥሩ ፍራሽ፣ ለቀዶ ጥገናው የሄደው የሁለት ዓመት ቁጠባ፣ ሁሉም ከየት እንደመጣ ልትቆጥርላቸው ትችል ነበር። አልቆጠረችም። ወንድሟን አየችው። ዊልኪን ኳሱን በእጁ ያገላብጣል፤ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ቀና አላለም።

አባቷ ሄዳ እንድትናገር አዘዟት። ሁለት ሰዓት አላት፤ ፌሊቶ ለማዕከሉ ይደውላል፣ ቁጥሩ ይመለሳል፣ ሰውየው ይቀራል። እሷ ዶኛ ኢቬሊሴ እዚያ መሆኗን ነገረቻቸው። ዘጠኝ ቀን ብቻ እንደቀራት፣ ዮካስታ ምን እንደገጠማት ነገረቻቸው።

«ዶኛ ኢቬሊሴ ወንድምሽን ሜክሲኮ አትወስደውም» አሉ ሽማግሌው። ጎረቤት የሚጠበስ ዓሣ ሽታ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ መጣ፤ ሦስቱም ዓሣውን የሚያሸቱ መስለው ቆሙ። ወንድሟ አንዲት ቃል ቢናገር፣ «ተዪው፣ አትሂጂ» ቢላት፣ ወይም «እባክሽን ሂጂልኝ» ቢላት ይቀላት ነበር። ምንም አላለም። ምንም አለማለት ለሱ በነፃ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

መንገዱን የሄደችው በቁጣ ነው። የተቆጣችው በማን ላይ እንደሆነ ግን በደንብ አልለየችውም፤ በፌሊቶ፣ በአባቷ፣ ወይስ አንድ ክንድ በሰፈሩ ሙሉ ሲጠበቅ ሌላው ክንድ መኖሩን በማያውቀው ዓለም። ሱቁ ደጃፍ ሃያ የሚሆን ሰው ነበር። ሬዲዮው አሰላለፍ እያነበበ ነው፤ ዶኛ ኢቬሊሴ በእርሳሷ ምልክት ታደርጋለች። ኔሬይዳ ማንንም ሳታይ፣ ወደ ሰሌዳው እያየች ተናገረች፤ በረዶው የወንድሟ እንዳልሆነ፣ የሷ ክርን እንዳበጠ፣ ዊልኪን ደኅና እንደሆነ።

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ አሰቡበት፤ ተወራራጅ ሰው ማሰብ ሲጀምር ደግሞ ክፉ ነው። ቱቶ ነገሩን ገለጠላቸው፤ ዊልኪን ታሟል፣ ቤተሰቡ በተቃራኒው ቡድን ላይ ሊመድብ ይፈልጋል፣ ጥሩ ዋጋ እንዲያገኝ ይቺን ልኮ ቁጥሩን ሊያስመልስ ነው። ዶን ሰርቫንዶ ቀበሮ ናቸው ተባለ። ፌሊቶም በቃል ብቻ ለማዕከሉ ደውሎ መሳቂያ እንደማይሆን ተናገረ። ከሱቁ የአሥር ኪሎ ሩዝ ከረጢት አውጥቶ ባንኮኒው ሥር መሬት ላይ አስቀመጠ።

«በቀኝሽ አንሺው» አለ።

ኔሬይዳ የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች። ክርኗን ሲያዩ ሳቁ ቀነስ አለ። ጎንበስ ብላ የከረጢቱን አፍ ያዘች፤ ጉልበቷን አስተባበረች፤ ከረጢቱ አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ተላቀቀ፤ ጣቶቿ ተከፈቱና ወደቀ። ሩዙ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። አንድ ሰው «ምስኪን» ይላል ብላ ጠበቀች።

«እውነቷን ነው» አለ ፌሊቶ፣ ስልኩን እያነሣ። «ዊልኪን ደኅና ነው።»

ከዚያ ሁሉም ወደ መስኮቱ ተንጋጋ፤ ቁጥሩ ሳይመለስ ለመቅደም ሩዙን እየረገጡ አለፉ። ፌሊቶ መስኮቱን ዘግቶ መጀመሪያ ደወለ፤ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ወጥቶ መቶ አርባውን አበሰና ስልሳ ጻፈ። ተሳደቡ። ኔሬይዳ ተንበርክካ ሩዙን በግራ እጇ ትሰበስብ ጀመር፤ ለምን እንደምትሰበስበው አታውቅም፤ ልማድ ነው። ዶኛ ኢቬሊሴ ከወንበሯ አልተነሣችም። ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ ነገ ወደ ስፌት መስመሩ ከመግባቷ በፊት የሥራ መታወቂያዋን ይዛ የፋብሪካው ቢሮ እንድታልፍ በለሰለሰ ድምፅ ነገረቻት። ኔሬይዳ ሩዙን መሰብሰቧን አላቆመችም።

ቤት ስትደርስ ስልኩ ተደውሎ ነበር፤ መልማዩ ላ ሮማና አልሄደም። አባቷ በደስታ ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ የዊልኪንን ጓንት በጨርቅ ያሻሉ። ዊልኪን ይባርኩኝ ብሎ ተባርኮ ሲወጣ እሷ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። የሚናገር መሰለ። «የቀኙ ነው?» አላት። «የቀኙ ነው» አለችው። «እሺ» አለና ወጣ። ዶን ሰርቫንዶ ከኋላው ጣሳ ተሸክመው ተከተሉት፤ ኔሬይዳ ጓሮ ስትወጣ ባልዲው ባዶ ነው። በረዶዋን ወስደውታል። ከጨዋታው በኋላ ለልጁ ክንድ እንዲሆን።

ባዶው ባልዲ አጠገብ ብዙ ቆመች። ከዚያ ከሶፋው ሥር ቦርሳዋን አውጥታ ስድሳ ፔሶ ያዘች።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። የሱቁ ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ ሦስተኛው ዙር አልቆ የተቃራኒው ቡድን አንድም መቺ ከመጀመሪያው መቆሚያ አላለፈም። ዊልኪን እንደ ሃያ ዓመት ልጅ እየወረወረ ነው። በተቃራኒው የመደቡት ሁሉ ቢራቸውን አቅፈው አኩርፈዋል፤ ቱቶ ከሁሉ የባሰ አኩርፏል።

«ዶኛ ኢቬሊሴ ብቻ ናት የበላችው» አለ። «በጠዋቱ፣ በመቶ አርባ፣ ሁለት ሺህ። እኛ ሁላችን በረዶውን አየን፤ እሷም አየች። እኛ የማናውቀው ምን ታውቃለች?»

«ዕድል ነው» አለች ዶኛ ኢቬሊሴ።

«እርስዎ በዕድል መድበው ያውቃሉ?»

ኔሬይዳ ባንኮኒው ጋ ደርሳ ነበር። ያ የጠዋቱ ነገር፣ ቀሚስ ማስተካከሉ፣ የታጠፈው ቲኬት፣ የራስ ንቅነቃው፣ አሁን አንድ በአንድ ተመለሰላት። ሰው ሁሉ ዊልኪን ታሟል ሲል አንዲት ሴት ብቻ ደኅና መሆኑን አውቃ ነበር። ደኅና መሆኑን ለማወቅ ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ በረዶው የማን እንደሆነ ማወቅ። በረዶው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከጥቅምት ጀምሮ አንዲት ልብስ ሰፊ በሰዓት ስንት ኪስ እንደቀነሰች፣ ሱሪውን በየትኛው እጇ መጎተት እንደጀመረች በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው።

ወደ ፌሊቶ ዞረች።

«ቲኬቱ ላይ ሰዓት አለ አይደል ፌሊቶ?»

«አለ» አለ ፌሊቶ። «ማሽኑ ነው የሚያትመው።»

«ዶኛ ኢቬሊሴ» አለች ኔሬይዳ፣ «ነገ ቢሮ እመጣለሁ። ቤቷ ውስጥ ወድቃ ነው ብለው ሊጽፉ ይሆናል። ይጻፉ። ግን ቲኬቱን አብረው ያያይዙት። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ሩዙን ሳላነሣ፣ ክንዴ መታመሙን በሁለት ሺህ ፔሶ መስክረዋል። ከየት አወቁት ብለው ሲጠይቁዎት ከስፌት ማሽኗ ላይ ነው ይበሏቸው። ሃያ ሰው አይቶዎታል።»

ሃያው ሰው ዶኛ ኢቬሊሴን ተመለከተ። ይህ ሰፈር ስለ ፋብሪካ ወረቀት ብዙም ግድ የለው ይሆናል፤ ነገር ግን በውስጥ ወሬ ብቻውን የበላ ሰው ላይ ግድ አለው። ዶኛ ኢቬሊሴ እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች፤ ወረቀቷን አጠፈች፤ እጇ ሳታስበው ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋ። ልታሸንፍ የተቃረበች ቲኬት ልትጥል አትችልም፤ ብትይዛት ደግሞ ማስረጃ ናት። ቱቶ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ዶኛ ኢቬሊሴ ተነሥታ ሄደች።

ሬዲዮው ዊልኪን አራተኛውን ዙር ሊጀምር መሆኑን ተናገረ። ኔሬይዳ ስድሳ ፔሶዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«አንድ ከረጢት በረዶ» አለች። «ደግሞ ለማዕከሉ ስትደውል የማን እንደሆነ አስተካክለህ ንገራቸው።»

ፌሊቶ በረዶውን አወጣላት። ወደ ቤት አልወሰደችውም። ዶኛ ኢቬሊሴ የተነሣችበት ወንበር ባዶ ነበር፤ ሰሌዳው ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ እዚያው ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበችና በረዶውን ክርኗ ላይ አሰረች።